ወይ ሁላችን፣ ወይ ማናችንም

«ዘጠኝ ጊዜ ተጫውተው ዘጠኙንም ካሸነፉ፣ ታዲያ ዋንጫው የት ገባ?» አለኝ ወዳጄ።

«ዋንጫ አልነበረም። ግብዣ ነበር። ግብዣው ቅድመ ሁኔታ ተያይዞበት መጣ፤ እነሱም ይቅርብን አሉ።»

«ምን የሚል ቅድመ ሁኔታ?»

«ሁለቱን ጥቁር ልጆች ትታችሁ ኑ የሚል።»

ወዳጄ ከመመለሱ በፊት ወደ ሜዳው አየ። እዚሁ ጋምቤላ ከተማ የስፖርት መምህር ነው። የባሮን ወንዝ ከሚያሳይ የማንጎ ጥላ ሥር ቡናችንን ይዘን ተቀምጠናል። ፊት ለፊታችን ልጆች ድንጋይ ለጎል አቁመው ይራገጣሉ። ማሊያ የለበሰ የለም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው።

«ከሥሩ አጫውተኝ» አለ። «የአሜሪካን ኳስ በፊልም ካየሁት በቀር አላውቀውም። ጨዋታውንም፣ ሰዎቹንም፣ ዘመኑንም ንገረኝ።»

ጨዋታው የእኛ እግር ኳስ አይደለም አልኩት። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል፣ ታቅፎ ይሮጣል። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ይሰለፋሉ። ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ፣ ወደ ዘጠኝ ሜትር ማለት ነው፣ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ካቃተው ኳሱን ለባላጋራው ይለቃል። እስከ መጨረሻው መስመር ይዞ የገባ ስድስት ነጥብ ያገኛል። መጋጨቱ ከባድ ስለሆነ ራሳቸው ላይ ቁር ይደፋሉ፣ ትከሻቸውን ይሸፍናሉ። ሩጫም ትግልም ያለበት ጨዋታ ነው። ከሁሉም በላይ ግን አንዱ ሌላውን ካልሸፈነው አንድ እርምጃ የማይራመዱበት ጨዋታ ነው። ኳስ የያዘው ልጅ የሚያልፈው ሌሎቹ በገላቸው መንገድ ሲከፍቱለት ብቻ ነው።

«ይኼኛውን ወደድኩት» አለ።

ቡድኑ የነበረበት ኮሌጅ የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ስሙ ትልቅ ነው እንጂ ያኔ ትንሽ ኮሌጅ ነበር፤ የሚያስተዳድሩት ጀስዊት የሚባሉት የካቶሊክ ካህናት ናቸው። እነዚህ ካህናት ለእኛም አገር እንግዳ አይደሉም። በ1943 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሲከፈት በኃላፊነት የተቀመጡት ካናዳዊው ጀስዊት ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። የምነግርህ ታሪክ የሆነው ኮሌጃችን በተከፈተ በዓመቱ ነው፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር 1944 ዓ.ም፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 1951።

«በዚያ ዓመት እኮ» አለ ወዳጄ፣ «እዚህ ወደቡ የሚተዳደረው ከካርቱም ነበር።»

ልክ ነው። ምኒልክ በ1894 ዓ.ም ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተሰጥቶ ነበር። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሳው መርከብ በነጭ ዓባይና በሶባት አድርጎ እዚህ ይደርሳል፤ ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፣ የኢትዮጵያን ቡና ጭኖ ይመለሳል። ጣቢያው ወደ እኛ የተመለሰው ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃነቷን ስታገኝ ነው። ይህችን የካርቱም መንገድ አስታውሳት፣ ኋላ ላይ እንመለስባታለን አልኩት።

የሳን ፍራንሲስኮዎቹ አሠልጣኝ ጆ ኩሃሪች ይባላል፣ ጨካኝ የሚባል ዓይነት ሰው። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ልጆቹን ሰብስቦ በሰሜን ካሊፎርኒያ ኮርኒንግ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ይወስዳቸዋል። ቦታው በበጋ እሳት ነው። እዚያ አቧራ ላይ ያሯሯጣቸዋል፣ ያጋጫቸዋል፣ እንደገና ያሯሯጣቸዋል። ኋላ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ቡድን የሆንነው እዚያ ነው ብለዋል። ወዳጄ ይህንን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ሙቀት ውስጥ ማሠልጠን ምን እንደሆነ ለጋምቤላ መምህር ማስረዳት አያስፈልግም።

ከተጫዋቾቹ ጥቂቱን ልንገርህ፣ ሁሉን ብነግርህ ቡናው ይቀዘቅዛል።

ኦሊ ማትሰን የቴክሳስ ተወላጅ ነው፤ ጥቁር ነው። ኳሱን ይዞ የሚሮጠው እሱ ነው። በዚያ የውድድር ዘመን 1,566 ያርድ ሮጠ፣ 21 ጊዜ መስመር አቋርጦ ገባ። በሁለቱም ከአሜሪካ ኮሌጆች ሁሉ የሚስተካከለው አልተገኘም። ፍጥነቱ የእውነት ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ሄዶ በ400 ሜትር ነሐስ፣ በዱላ ቅብብሎሽ ብር ይዞ ተመለሰ።

በርል ቶለር ከቴነሲ፣ ከሜምፊስ ከተማ ነው፤ እሱም ጥቁር ነው። ሥራው መከላከል ነበር፣ የባላጋራን ሯጭ አግኝቶ መጣል። ቡድኑ ውስጥ ማን ይበልጥ ነበር ተብለው ሲጠየቁ ብዙዎቹ ማትሰንን ትተው ቶለርን ይጠሩ ነበር።

ጂኖ ማርኬቲ የጣልያን ስደተኞች ልጅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ አገሩ የወላጆቹን አገር ስትወጋ፣ እሱ ገና በጉርምስናው የአሜሪካን ጦር ልብስ ለብሶ ጀርመን ድረስ ተዋግቷል። ከኮሌጅ ኳስ ጋር የተገናኘው ከዚያ ተመልሶ ነው።

ቦብ ሴንት ክሌር እዚያው ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደ፣ ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም ልጅ ነው። ጥሬ ሥጋ ይበላ ነበር።

«ቁርጥ?»

«ቁርጥ እንበለው። አሜሪካኖቹ ግን ዕድሜውን ሙሉ እንደ ጉድ ሲያወሩት ኖረዋል።»

ወዳጄ ከልቡ ሳቀ። «እዚህ መጥቶ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር» አለ፤ ቀጥሎ ወደ ሜዳው እያሳየ፣ «በቁመቱም» ብሎ ጨመረበት።

ከተጫዋቾቹ ውጭ አንድ ሰው ልጨምርልህ። ፒት ሮዜል ይባላል፣ የኮሌጁን የስፖርት ወሬ ለጋዜጦች የሚያቀብል ወጣት ነበር። የምዕራብ ጠረፍ ትንሽ ኮሌጅ ምን ሠራ ብሎ የሚጠይቅ በሌለበት ዘመን ጋዜጠኛውን ሁሉ እየዞረ የሚለምነው እሱ ነው። ይኸው ወጣት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1989 የአሜሪካን ፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ በኃላፊነት መርቷል።

የመጀመሪያውን ግጥሚያ ሳን ሆዜን 39 ለ2 አሸነፉ። የቀሩትን ሁሉ አልዘረዝርልህም፤ አንዱን ግን ማለፍ አልችልም። በጥቅምት አገር አቋርጠው ኒው ዮርክ ሄዱ፣ ከፎርድሃም ጋር ሊጋጠሙ። ፎርድሃምም የጀስዊት ትምህርት ቤት ነው፣ ስሙ ግን ከእነሱ የገነነ ነበር። የምሥራቁ ጋዜጠኞች ስለ ማትሰን ሲወራ ይሰሙ ነበር እንጂ አይተውት አያውቁም። በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ከባላጋራ የተመታውን ኳስ ከራሱ ሜዳ ጫፍ ተቀብሎ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከ80 ሜትር በላይ ሮጦ፣ ማንም ሳይደርስበት መስመር አቋረጠ። 32 ለ26 አሸነፉ። በዚያ ውድድር ከባዱ ግጥሚያ ይህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ መጨረሻው አካባቢ ብርቱ የሚባለውን የፓሲፊክ ኮሌጅን 47 ለ14 ረቱ። በኅዳር አጋማሽ ፓሳዴና በሚገኘው ሮዝ ቦውል ስታዲየም ሎዮላን 20 ለ2 ሲያሸንፉ ዘጠኙ ሞላ። በአገር አቀፉ የጋዜጠኞች ምርጫ 14ኛ ሆነው ጨረሱ። ይህን ለመሰለ ትንሽ ኮሌጅ ትልቅ ነገር ነው።

«አሁን ወደ ግብዣው ና» አለኝ።

መጣሁ። በአሜሪካ የኮሌጅ ኳስ ልማድ ውድድሩ ሲያልቅ ጥሩ የተጫወቱት ቡድኖች ቦውል ወደሚባል ግጥሚያ ይጠራሉ። ያኔ የአዲስ ዓመት ዕለት ይጫወቱ ነበር፤ ክብሩም ገንዘቡም እዚያ ነበር። ታዋቂዎቹ ግጥሚያዎች የሚደረጉት ደግሞ አብዛኞቹ በአሜሪካ ደቡብ ነበር። ያኔ በደቡብ ክፍላተ አገር ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት አይማርም፣ በአንድ ሆቴል አያድርም፣ አውቶቡስ ላይ አብሮ አይቀመጥም፤ ሕግ ነው። ተጫዋቾቹ እስከ እርጅናቸው ድረስ ሲናገሩት የኖሩት ይህ ነው፤ ማያሚ ላይ በሚደረገው ኦሬንጅ ቦውል መጫወት ትችላላችሁ፣ ማትሰንና ቶለር ግን ከቤት ይቅሩ ተባሉ።

ጉዳዩ ለልጆቹ ቀረበ። ስብሰባ አልተቀመጡም፣ እጅም አላወጡም። እነ ማርኬቲና እነ ሴንት ክሌር ሲያወሩት ለመወሰን ጊዜ አልፈጀብንም ይሉ ነበር። ወይ ሁላችን፣ ወይ ማናችንም። ማንም አልሄደም።

ወዳጄ ዝም ብሎ ቆየና «ቆይ» አለ፣ «ነጮቹ ናቸው እምቢ ያሉት?»

«አብዛኛው ቡድን ነጭ ነው። እምቢ ያለው ቡድኑ ነው።»

«ማትሰንና ቶለርስ?»

ለእነሱ ነገሩ አዲስ አልነበረም አልኩት። ቶለር ሜምፊስ ነው ያደገው፤ የዚያን ሕግ ጣዕም ከልጅነቱ ያውቀዋል። አዲስ የሆነው አጠገባቸው የቆመው ነጭ ልጅ የራሱን ዕድል በእነሱ ምክንያት መተዉ ነው። አንድ ነጥብ ላስምርልህ፤ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ሀብታም አልነበሩም፣ ከጦርነት የተመለሱም ነበሩባቸው። ማያሚ መሄድ፣ ጋዜጣ ላይ መውጣት፣ በፕሮፌሽናል ቡድኖች ፊት መጫወት ቀላል ነገር አልነበረም። ያን ትተው ቤታቸው ገቡ።

«መጨረሻቸውስ?»

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ እዚህ ላይ አሳምሮ ያቆማል፤ እኔ ግን ያልተወደደውንም ነገርኩት። ኮሌጁ በገንዘብ ተይዞ ነበር። የዚያው ከተማ የፕሮፌሽናል ቡድን እነሱ በሚጫወቱበት በኬዛር ስታዲየም ስለሚጫወት ተመልካቹን ወስዶባቸዋል። የቦውሉ ገንዘብ ቢመጣ ምናልባት ትንፋሽ ይሰጣቸው ነበር። አልመጣም። ጨዋታው ካለቀ ሁለት ወር ሳይሞላ ኮሌጁ ፉትቦሉን ዘጋው። ያ ሳይሸነፍ የጨረሰ ቡድን በማግስቱ ዓመት አልነበረም። ሴንት ክሌር ትምህርቱን ስላልጨረሰ ቱልሳ ወደሚባል ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ መጫወት ግድ ሆነበት።

«እንግዲህ እምቢ ማለታቸው ቡድናቸውን ገደለው» አለ ወዳጄ። ድምፁ ውስጥ ክርክር ነበር። «እኔ አሠልጣኝ ብሆንና ክለቤ ሊዘጋ ቢሆን፣ ሁለት ልጅ ትቼ ሃያውን አላድንም ትላለህ? ሁለቱ ራሳቸው ሂዱ ቢሉኝስ?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ በዋዛም አልመለስኩለትም። ሁለቱን ትተው ሄደው ቢሆን ኖሮ ክለቡ ቢተርፍም ያ ቡድን እዚያው ይፈርስ ነበር አልኩት። ኮርኒንግ አቧራ ላይ አንተ ለእኔ እኔ ለአንተ የተባባሉ ልጆች በሚቀጥለው ግጥሚያ ሲሰለፉ እያንዳንዱ በልቡ «ነገ እኔን የማይተዉኝ በምን ዋስትና ነው?» ይላል። ማትሰን እንዲያልፍ በገላው መንገድ የሚከፍተው ልጅ ከዚያ በኋላ በምን ልብ ይከፍታል? ይህ ጨዋታ ደግሞ ያለዚያ ልብ አንድ ሜትር አይገፋም።

የልጆቹንም መጨረሻ ልንገርህ። ማትሰን፣ ማርኬቲና ሴንት ክሌር ሦስቱም ፕሮፌሽናል ሆነው ተጫወቱ፤ ሦስቱም በአሜሪካ የፉትቦል የክብር አዳራሽ ስማቸው ሰፍሯል። ማትሰን እ.ኤ.አ. በ1959 ከአንድ ክለብ ወደ ሌላ ሲዛወር በለውጡ የተሰጠው ዘጠኝ ሰው ነው። ሮዜልም በአስተዳደሩ ሥራ እዚያው አዳራሽ ገብቷል። በጥሬ ሥጋው የሚታወቀው ሴንት ክሌር ዴሊ ሲቲ በምትባል ጎረቤት ከተማ ከንቲባ እስከመሆን ደርሷል።

እኔን ግን ከሁሉም የሚይዘኝ ቶለር ነው። ከኮሌጅ በወጣበት ዓመት አንድ የምርጦች ግጥሚያ ላይ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳና የመጫወት ነገር አበቃለት፤ የተባለለትን ሳያሳይ ቀረ። ወደ ትምህርት ቤት ገባ። መምህር ሆነ፣ ከዚያም በሳን ፍራንሲስኮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ለመሆን የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ በፕሮፌሽናሉ ሊግ የዳኝነት ፊሽካ ከያዙት የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆኖ ተመደበ፤ በ1980 የሊጉን የመጨረሻ ታላቅ ግጥሚያ፣ ሱፐር ቦውሉን፣ ከዳኙት አንዱ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ተማሪ ያስተምራል፣ እሑድ በመላ አገሩ ፊት ይዳኛል። ደቡብ ከሜዳ ያስቀረችውን ሰው ሊጉ የሜዳውን ሕግ እንዲያስከብር አመነው። ኮሌጁም አምሳ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ለዚያ ቡድን ሰዎች የክብር ዶክትሬት ሰጥቷል።

«መምህር ነበር በለኛ!» አለ ወዳጄ። ፊቱ በራ። ከዚያ ግን ወዲያው ከበድ አለበት። «አንተ የአሜሪካውን ታወራለህ፤ እኔ ስሰማህ የማስበው ስለዚህ ሜዳ ነው።»

ነገሩን ዘረገፈልኝ። ለውድድር የሚላክ ቡድን ሲመረጥ ከኳሱ በፊት የሚመጣው ጥያቄ የማን ልጅ ነው የሚለው ነው። አኝዋ ስንት ገባ፣ ኑዌር ስንት፣ መዠንግር አለ ወይ፣ ኦፖና ኮሞ ተረሱ ወይ፣ ከደጋ የመጣ ቤተሰብ ልጅስ። በችሎታ ብቻ ቢመርጥ አንዱ ወገን ይበዛና ያማሩታል፤ በኮታ ቢመርጥ ጎበዙ ልጅ ቤቱ ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ የጸጥታው ነገር ሲከፋ፣ ይኼ መንገድ ለእነ እገሌ ልጆች አይሆንም፣ ትታችኋቸው ሂዱ የሚል ምክር ይመጣል። ምክሩ የሚመጣው ከክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቹን ከአደጋ ለማራቅ ብሎ የሚናገር ሰው አለ።

«እኔ በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም በዚህች ከተማ የሆነውን ግድያ አይቻለሁ» አለኝ። «ከዚያ ወዲህም ስንት ጊዜ ተኩስ ሰምተናል። ልጆችን በአንድ ማሊያ ማሰለፍ ለእኔ የኳስ ነገር ብቻ አይደለም።»

እዚህ ላይ ያለኝን ሁሉ ነገርኩት። ማትሰንና ቶለር ቡድኑ ውስጥ የገቡት ለጥቁር ሁለት ቦታ ይሰጥ ተብሎ አልነበረም። ስለሚችሉ ነው የገቡት። ይቅሩ ሲባሉም በችሎታ አልነበረም። ስለዚህ እኔ ሁለቱን ነገሮች እለያቸዋለሁ። ስትመርጥ በችሎታ ምረጥ፤ የሚያማ ሰው መጥቶ ልምምዱን ይይ፣ በር ክፈትለት። ሁሉም ቀበሌ፣ ሁሉም ወረዳ፣ ኢታንግም አቦቦም ጆርም መንገሺም ልጁን ለሙከራ እንዲያመጣ ጥራ፤ ፍትሑ ያለው እዚያ ነው፣ በጥሪው ላይ። አንዴ ከመረጥክ በኋላ ግን በወገኑ ምክንያት አንድም ልጅ አታጉድል። መንገዱ ለአንዱ ካልሆነ ለሁሉም አይሆንም፤ ሌላ መንገድ ይፈለግ፣ ካልተገኘ ሁሉም ይቅር።

«ቀላል አድርገህ ታወራዋለህ።»

ቀላል አይደለም። ለዚህ ነው ካርቱምን አስታውሳት ያልኩህ።

በየካቲት 1949 ዓ.ም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረትና የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲደረግ ቦታው ካርቱም ነበር። መሥራቾቹ አራት ናቸው፤ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የእኛ ሰው ይድነቃቸው ተሰማ እዚያ ነበሩ። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተመደበች። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ካልሆነ ቅልቅል ቡድን አልልክም አለች። ያለ ቅልቅል ቡድን አትገቢም ተባለችና ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም ግብጽ 4 ለ0 አሸነፈችን፣ አራቱንም ያገባው ኤድ ዲባ ነው።

ሳን ፍራንሲስኮና ካርቱምን አጠጋግተህ እያቸው። አንዱ ጋ ልጆቹ ራሳቸው እምቢ አሉ። ሌላው ጋ ገና አራት አባል ብቻ ያለው፣ አንዷ ብትወጣ ሦስት የሚቀረው ማኅበር እምቢ አለ። ሁለቱም የከፈሉት ዋጋ አላቸው። ይድነቃቸው ያን ነገር ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ዞሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የአፍሪካው ኮንፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት ሆነው እስከሞቱበት እስከ 1987 ድረስ የዘር መድልዎ ካለበት አገር ጋር አንጫወትም በሚለው ጸንተው ቆሙ። ፊፋም በ1976 ደቡብ አፍሪካን አስወጣ። እኔ በኢትዮጵያ ስፖርት ታሪክ ከዋንጫው ሁሉ በላይ የምኮራበት ይህ ነው፤ በ1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ2 አሸንፈን ከወሰድነው የአፍሪካ ዋንጫም በላይ።

ወዳጄ በዚህ አልተስማማም። «ዋንጫውንም አትናቅ» አለ። «ልጅ ዋንጫ ሲያይ ነው የሚመጣው። እኔ ልጆቼን ስጠራ የማነሳላቸው ኡመድ ኡክሪንና ጋቶች ፓኖምን ነው።»

እውነቱን ነው። ሁለቱም የጋምቤላ ልጆች ናቸው። ኡመድ በ2005 ዓ.ም፣ ኢትዮጵያ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ፣ ደቡብ አፍሪካ ከሄደው ቡድን ጋር ነበር፤ ኋላም በግብጽ ክለቦች ተጫውቷል። ጋቶች ከኢትዮጵያ ቡና ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ሩሲያ ድረስ፣ ወደ አንዢ ማካችካላ ሄዷል። ሁለቱም አንዱን የብሔራዊ ቡድን ማሊያ ለብሰዋል። ጋምቤላ ውስጥ የሁለቱን ስም በአንድ ትንፋሽ የማይጠራ ልጅ የለም አለኝ፤ ከየትኛውም ሰፈር ይሁን።

«ደግሞ ኑኒ ኦሞት አለልህ» አለ፣ እሱ ራሱ ወደ አሜሪካ እየመለሰኝ።

ኑኒ ከኢትዮጵያ ከተሰደደ ቤተሰብ ናይሮቢ ተወልዶ ሚኒሶታ ያደገ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። የኮሌጅ ጨዋታውን የጀመረው ሴንት ፖል ከተማ በሚገኘው ኮንኮርዲያ በሚባል ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ ኋላም ወደ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከግብጹ አል አህሊ ጋር የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግን ዋንጫ ሲያነሳ የውድድሩ ኮከብ ተባለ። በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ለደቡብ ሱዳን ተሰልፎ በአሜሪካ ላይ 24 ነጥብ አስቆጠረ። አሜሪካ 103 ለ86 አሸነፈች፤ የኑኒን ጨዋታ ግን ጋምቤላ ውስጥ በስልክ ያላየው ወጣት ጥቂት ነው አለኝ ወዳጄ። ያ የደቡብ ሱዳን ቡድን ደግሞ በጦርነት ከተፋጁ ሕዝቦች ልጆች የተሠራ ነው። አንድ ላይ ገብተው አንድ ላይ ተጫወቱ።

«ስለዚህ ልጆቹ ይችሉበታል» አለ። «ችግሩ ከእኛ ከሚመርጡት ነው።»

እዚህ ላይ ተስማማን። በቅርቡ ስም ዝርዝር እንደሚልክ ነገረኝ። ቡድኑን ሰብስቦ፣ ስለ ሳን ፍራንሲስኮዎቹ አጫውቷቸው፣ ከመካከላችን አንዱ ቢቀር ምን እናደርጋለን ብሎ አስቀድሞ ሊጠይቃቸው አስቧል። መልሱን ከእነሱ አፍ መስማት ይፈልጋል፤ እሱ ነግሯቸው እንዲሉት አይደለም። ደስ አለኝ። እነዚያም ልጆች እንደዚያ ተጠይቀው ነው የመለሱት።

የጋምቤላን ልጆች ለውድድር የምትመርጡ፣ የምታሠለጥኑና መኪና የምትመድቡ ሁሉ፦ ጥሪውን ለሁሉም ወረዳ አድርሱ፣ ምርጫውን በሜዳ ላይ በግልጽ አድርጉ፣ የተመረጠውንም ስም ዝርዝር አክብሩ። መንገዱ ለአንዱ ልጅ አስጊ ነው ከተባለ ጸጥታውን የሚያስከብሩትን ጠይቁ፣ ቀኑን አስለውጡ፣ ቦታውን አስለውጡ። ካልሆነ ቡድኑ በሙሉ ይቅር፤ የቀረበትንም ምክንያት በደብዳቤ ጽፋችሁ ላኩ። ወላጆችም የሌላው ልጅ ሲሰረዝ የእኔ ገባ ብላችሁ ዝም አትበሉ።